ኃይል ስንጨምር ጨረሩ ለምን ይወርዳል? ለአንዲት የሳይክሎትሮን ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አዲስ አበባ ፊዚክስ ማስተርሴን ጨርሼ አሁን ውጭ አገር ባለ የሳይክሎትሮን (አዮኖችን እያዞረ የሚያፈጥን ማሽን) ላብራቶሪ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። የአዮን ምንጫችን 14.5 ጊጋኸርዝ ኢሲአር (ጋዝን በማይክሮዌቭ አግሎ አዮን የሚያወጣ ምንጭ) ነው። አርጎን 11+ (አሥራ አንድ ኤሌክትሮን የተገፈፈ አርጎን) በብዛት እንድናወጣ ተጠይቀናል። ማይክሮዌቩን ከ400 ዋት በላይ ስናሳድገው ግን ጨረሩ በመጨመር ፈንታ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣልም። ከምንጩ ከወጣው ደግሞ ሳይክሎትሮኑን አልፎ ዒላማው ላይ የሚደርሰው 5 ከመቶ ብቻ ነው። ቡድናችን 28 ጊጋኸርዝ ምንጭ ለመግዛት የገንዘብ ማመልከቻ እያዘጋጀ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

እህቴ፣ እኔ ብሆን ማመልከቻውን ለጊዜው አቆየውና ኦሲሎስኮፕ ይዤ ወደ ፋራዴይ ካፑ (የጨረሩን ከረንት ወደሚለካው ጽዋ) እሄድ ነበር። የገለጽሽው የኃይል ማነስ ምልክት አይደለም። ፕላዝማ አልረጋ ሲል የሚያሳየው ጠባይ ነው። ለእንዲህ ያለ ፕላዝማ ዋት መጨመር በገነፈለ ድስት ሥር እሳት መቆስቆስ ነው። 28 ጊጋኸርዝ ብትገዙም ይኸው ችግር አብሯችሁ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ዋጋው ይብሳል። 5 ከመቶው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የሒሳብ ነገር ስለሆነ ኋላ ላይ አብረን እናሰላዋለን።

ይህን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ ከመነሻው ትንሽ ልበል፤ ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኧርነስት ሎውረንስና ተማሪው ስታንሊ ሊቪንግስተን በ1931 መጀመሪያ በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ያሠሩት ሳይክሎትሮን ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። የሃይድሮጅን አዮኖችን እስከ 80 ሺህ ኤሌክትሮንቮልት አደረሰ። ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው፦ ማግኔቱ አዮኑን ያዞረዋል፣ ተለዋዋጩ ቮልቴጅ በየዙሩ ይገፋዋል፣ አዮኑ ጉልበት ባገኘ ቁጥር ክቡ እየሰፋ ሄዶ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ወደ ውጭ ይወጣል። ወደ ከባድ አዮኖች ስንመጣ ግን ጨዋታው በቻርጅ ነው። ማግኔቱ አዮኑን የሚይዘው በቻርጁ ስለሆነ ብዙ ኤሌክትሮን የተገፈፈ አዮን በዚያው ማግኔት ውስጥ እጅግ የበለጠ ጉልበት ያገኛል።

የእያንዳንዱ ሳይክሎትሮን አቅም «ኬ» በሚባል ቁጥር ይነገራል። ለአንድ ኑክሊዮን (ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን) የሚደርሰውን ከፍተኛ ጉልበት ለማግኘት የአዮኑን ቻርጅ ለክብደት ቁጥሩ ታካፍያለሽ፣ ውጤቱን በራሱ ታባዢያለሽ፣ ከዚያ በኬ ታባዢዋለሽ። በርክሌይ ከ1961 ጀምሮ የሚሠራው ባለ 88 ኢንች ሳይክሎትሮን ኬው 140 ነው። አርጎን 40ን በ8+ ብታስገቢበት ለአንድ ኑክሊዮን 5.6 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ታገኛለሽ፤ በ11+ ከሆነ 10.6፣ በ16+ ደግሞ 22.4። ከብረቱ አንዲት ብሎን ሳትፈቺ፣ ምንጩ ሦስት ኤሌክትሮን ጨምሮ ስለገፈፈልሽ ብቻ ጉልበቱ ወደ እጥፍ ተጠጋ። አለቆችሽ 8+ እያለ 11+ን የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው የፔኒንግ ምንጭ ነበር። ካቶዱ (ኤሌክትሮን የሚያፈልቀው ኔጌቲቭ ብረቱ) በአዮን ምት እየተበላ በሰዓታት ውስጥ ስለሚያልቅ ሥራው በየጊዜው መቋረጡ የማይቀር ነበር። በ1970ዎቹ ግሬኖብል፣ ፈረንሳይ ላይ ሪሻር ጌለርና ባልደረቦቹ ያሳደጉት የኢሲአር ምንጭ ካቶድ የለውም። ጋዙ በመግነጢሳዊ መስክ ታጥሮ ይያዛል፤ ኤሌክትሮኖቹ በመስኩ ዙሪያ የሚሽከረከሩበት ድግግሞሽ ከማይክሮዌቩ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ሁሉ ጉልበት ይቀበላሉ። መግጠሚያው ለ28 ጊጋኸርዝ 1 ቴስላ ነው፤ ለእናንተ 14.5 ደግሞ 0.52 ቴስላ። የጋሉት ኤሌክትሮኖች አቶሙን ደጋግመው እየመቱ የራሱን ኤሌክትሮኖች ደረጃ በደረጃ ያስለቅቁታል። በአንድ ምት አሥራ አንዱ አይወጡም። አዮኑ ሳይበተን ለሚሊሰከንዶች እዚያው መቆየት አለበት፤ ምንጭ ማስተካከል ማለትም በአብዛኛው ይህችን ቆይታ መጠበቅ ነው።

አርጎን ላይ ደግሞ አንድ ገደል አለ። ስምንተኛውን ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ 143 ኤሌክትሮንቮልት ይበቃል። ዘጠነኛው 422 ይጠይቃል፣ የውጨኛው ሽፋን አልቆ ወደ ውስጠኛው መግባት ነውና። አሥራ አንደኛው 539 ይደርሳል። ስለዚህ 8+ን ማንም ያወጣዋል፤ ምንጭ የሚፈተነው ከ9+ ጀምሮ ነው። ለ8+ የተስማማ የጋዝ መጠን፣ የኮይል (መስኩን የሚሠራው የሽቦ ጥቅል) ከረንትና ዋት ይዞ «ኃይል ብቻ ልጨምርና 11+ ይምጣ» ማለት አያዋጣም። የአስተካከሉ መንገድ ራሱ ሌላ ነው።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። ማይክሮዌቩ ኤሌክትሮኖቹን የሚያግለው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ጉልበታቸው የሚጠራቀመው ከመስኩ መስመር ጋር ተሻጋሪ በሆነው እንቅስቃሴ ላይ ነው። ይህ ክምችት ከልክ ሲያልፍ ፕላዝማው ራሱ ማይክሮዌቭ ማመንጨትና ማጉላት ይጀምራል፤ ከዚያም እጅግ የጋሉት ኤሌክትሮኖች በማይክሮሰከንዶች ውስጥ ከወጥመዱ አምልጠው ግድግዳው ላይ ይፈሳሉ። ኤሌክትሮን ያጣው ፕላዝማ የራሱ ፖቴንሻል ለቅጽበት ስለሚዘል አዮኖቹም ተከትለው ይወጣሉ። ብዙ የሚጎዱት ከፍተኛ ቻርጅ ያላቸው ናቸው፤ ለመሠራት ረጅሙን ጊዜ የወሰዱት እነሱ ናቸውና። ፕላዝማው እንደገና ለመጠራቀም ሚሊሰከንዶች ይፈጅበታል፣ ይሞላል፣ እንደገና ይፈሳል። ዩቫስኩላ፣ ፊንላንድ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን በ14 ጊጋኸርዝ ምንጭ ላይ በሚገባ ለክተው አሳይተዋል። ከእነሱ ሥራ ለእኛ ለአሠሪዎቹ የተረፈን ተግባራዊ ነገር ይህ ነው፦ በምንጩ መሐል ያለው ዝቅተኛው መስክ ከመግጠሚያው መስክ ሦስት አራተኛ ገደማ ሲያልፍ አለመረጋጋቱ ብቅ ይላል፤ ኃይል በጨመርሽ ቁጥርም ይብሳል። ለእናንተ ሦስት አራተኛው 0.39 ቴስላ ነው።

የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሜትር ይህን አያሳይሽም። ሜትሩ አማካይ ስለሚወስድ በሴኮንድ በመቶዎች ጊዜ የሚፈስና የሚሞላ ጨረር ለእሱ «ትንሽ ዝቅ ያለ ከረንት» ብቻ ነው። የፋራዴይ ካፑን ምልክት በፈጣን ማጉያ አሳልፈሽ ኦሲሎስኮፕ ላይ አውጪው። ድንገት ቁልቁል የሚወርድ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ በየጥቂት ሚሊሰከንዱ የሚደጋገም የመጋዝ ጥርስ ካየሽ ነገሩ ተገኘ። ማረጋገጥ ከፈለግሽ የኤክስሬይ መቁጠሪያ ከምንጩ አጠገብ አድርጊና በሁለተኛው መስመር አስገቢው፤ የኤክስሬዩ ብልጭታ ከእያንዳንዱ ውድቀት ጋር አብሮ ይመጣል። የምታዪው ንዝረት 50፣ 100 ወይም 300 ኸርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ኃይል ብትቀንሺም ከዚያው ካልነቃነቀ ግን ፕላዝማውን አትውቀሺ፤ የአንዱ ኮይል ወይም የማውጫው ቮልቴጅ ፓወር ሰፕላይ ነው። በሴኮንዶችና በደቂቃዎች የሚንሳፈፍ ከሆነ ደግሞ ጋዝ ቫልቩን ወይም የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት ተመልከቺ። እነዚህን ሦስቱን ሳይለዩ ምንጭ «አይሠራም» ሲባል ስሰማ ያናድደኛል፤ ለመለየት ግማሽ ቀን አይፈጅም።

የመጋዝ ጥርሱን ካገኘሽው መጀመሪያ የምትነኪው የኮይሎቹን ከረንት ነው። የመስክ ስሌቱ ከምንጩ ሠሪ ጋር የመጣ ስለሚሆን በየከረንቱ ዝቅተኛው መስክ ስንት እንደሆነ ሠንጠረዥ ሥሪ። ሁለት ኮይል ብቻ ካላችሁ ሁለቱንም ስትቀንሺ መሐሉ ይወርዳል፤ ነገር ግን በማስገቢያውና በማውጫው በኩል ያሉት የመስክ ጫፎችም አብረው ይወርዳሉ። እነሱ ከሚገባው በታች ከወረዱ ደግሞ አዮኑ ቆይታው ያጥራል። ስለዚህ የሚፈለገው መሐሉን ከ0.39 በታች ያደረገ፣ ጫፎቹን ግን ያላሳሳ ጠባብ ቦታ ነው። መሐል ላይ ሦስተኛ ኮይል ካለ ዕድለኛ ነሽ፤ ከረንቱን ገልብጠሽ መሐሉን ብቻ ታወርጃለሽ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የኮይል ከረንት ኃይሉን በ25 ዋት እያሳደግሽ የ11+ን ከረንትና የመጋዝ ጥርሱን መጀመሪያ ጻፊ። ውጤቱን ካርታ ላይ ስትስዪው የረጋው ክልል ድንበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥሩው የሥራ ቦታ ብዙ ጊዜ ከድንበሩ ወዲህ ጥቂት ገባ ብሎ ያለው ነው። ጫፉ ላይ የቆመ ምንጭ ማታ ጥሩ ይመስላል፣ ጠዋት ላይ ግን ተበላሽቶ ይጠብቅሻል።

ቀጥሎ ጋዙ ነው። ለከፍተኛ ቻርጅ አርጎኑን ብቻውን አታቃጥዪው፤ ኦክስጅን ደባልቂበት። ቀላሉ አዮን ከከባዱ ጋር እየተጋጨ ሙቀቱን ተሸክሞ ይወጣል፣ ከባዱ ረግቶ ይቆያል፣ የበለጠም ይገፈፋል። ለ11+ ስትሠሪ ፕላዝማውን በዋነኛነት የሚያቆመው ኦክስጅኑ ይሆናል፤ የአርጎኑ ቫልቭ ሊዘጋ ምንም አይቀረው። ቫልቩን ከነካሽ በኋላ ደቂቃዎች ጠብቂ፤ ግድግዳው የዋጠውን ጋዝ ቀስ እያለ ስለሚመልስ የመጀመሪያው ምላሽ አሳሳች ነው። አዲስ ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ቫልቭ ይነካሉ፣ ወዲያው ኃይል ይነካሉ፣ ወዲያው ኮይል። ከዚያ የትኛው ምን እንዳደረገ ማንም አያውቅም። በማስገቢያው በኩል ያለችውን የባያስድ ዲስክ (ቮልቴጅ የሚሰጣት ትንሽ የብረት ሳህን) ቮልቴጅም ከኔጌቲቭ 20 እስከ 300 ቮልት ባለው ውስጥ ቀስ ብለሽ ፈልጊላት፤ በነጻ የሚገኝ ትርፍ ነው።

የቻርጅ ስፔክትረሙን ስታዪ አርጎን 10+ ላይ አትታለዪ። 40 ለ10 እና 16 ለ4 ሲካፈሉ እኩል ስለሚመጡ ኦክስጅን 4+ መለያው ማግኔት ላይ ከአርጎን 10+ ጋር አንድ ላይ ይቆማል። «10+ እንዲህ ብዙ ሆኖ 11+ ለምን አነሰ?» እያሉ የሚጨነቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ኦክስጅን ነው። ለመወዳደሪያ 8+ን፣ 9+ን እና 11+ን ብቻ ተከታተዪ። ሳይክሎትሮኑ ራሱ ግን ሊለያቸው ይችላል፤ የሁለቱ እውነተኛ ልዩነት ከአሥር ሺህ ስድስት ያህል ስለሆነ 6 ሜጋኸርዝ ላይ ብትሆኑ የ4 ኪሎኸርዝ ገደማ የድግግሞሽ ለውጥ ነው። በርክሌይ ያሉት ይህንኑ ጠባይ ሥራ አድርገውታል። የክብደትና የቻርጅ ጥምርታቸው የተቀራረበ ብዙ ዓይነት አዮኖችን በአንድ ምንጭ ውስጥ ደባልቀው ያስነሱና የሳይክሎትሮኑን ድግግሞሽ በጥቂቱ እየለወጡ በደቂቃዎች ውስጥ ከአንዱ አዮን ወደ ሌላው ይሻገራሉ። «ኮክቴል» ይሉታል። ለጠፈር የሚላኩ የኤሌክትሮኒክስ ቺፖችን በጨረር ለሚፈትኑ ደንበኞች የሚያቀርቡትም ይህንን ነው።

ኮይልና ጋዝ ተስተካክሎ አሁንም የሚፈለገው ካልተገኘ፣ ገንዘብ የማወጣው በሁለተኛ ድግግሞሽ ላይ ነው። በርክሌይ በ1990ዎቹ አንድ ምንጭ ውስጥ 10 እና 14 ጊጋኸርዝ በአንድ ላይ አስገብተው ከፍተኛዎቹ ቻርጆች እንደሚጨምሩ አሳይተዋል። ኋላም ሁለተኛው ድግግሞሽ አለመረጋጋቱን እንደሚያበርድ ታይቷል። ጥቂት መቶ ዋት የሚሰጥና ድግግሞሹ ሊለዋወጥ የሚችል የተጓዥ ሞገድ ቱቦ ማጉያ ከአዲስ ምንጭ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ድግግሞሹን በጥቂት አሥር ሜጋኸርዝ ማንሸራተት ብቻውን ጨረሩን ሲያሻሽል ታያለሽ፤ የክፍሉ ውስጥ ሞገድ አቀማመጥ ይለወጣልና።

ታዲያ 28 ጊጋኸርዝ ከንቱ ነው ማለቴ ነው? አይደለም። የጌለር ሕግ እንደሚለው የፕላዝማው ጥግግት በድግግሞሹ ካሬ ያድጋል፤ ከ14.5 ወደ 28 መሄድ ወደ 3.7 እጥፍ ነው። መስኩ ግን አብሮ ማደግ አለበት። በማስገቢያው በኩል የመግጠሚያው አራት እጥፍ፣ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሁለት እጥፍ ያስፈልጋል፤ ለ28 ጊጋኸርዝ 4 ቴስላና 2 ቴስላ ማለት ነው። ይህ በመዳብ ኮይልና በቋሚ ማግኔት አይሞከርም። ሱፐርኮንዳክተር ይመጣል፣ ፈሳሽ ሂሊየም ይመጣል፣ 10 ኪሎዋት የሚተፋ ጋይሮትሮን የሚባል የማይክሮዌቭ አመንጪ ይመጣል። ያ ሁሉ ኃይል የሚያግላቸው ኤሌክትሮኖች የሚወረውሩት ኤክስሬይ የክፍሉን ግድግዳ አልፎ 4 ኬልቪን ላይ ያለውን ማግኔት ያሞቃል፣ ሂሊየሙን ያተናል። በርክሌይ ያለው ቬነስ የተባለ ምንጭ ከ2004 ጀምሮ በ28 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ሲሆን ይህን ኤክስሬይ ለመግታት በክፍሉ ዙሪያ የታንታለም መከለያ እስከ መጨመር ተደርሷል። ላንዡ፣ ቻይና ያሉት ደግሞ ወደ 45 ጊጋኸርዝ ተሻግረዋል። እነዚህ የትልልቅ ቡድኖች ሥራ ናቸው። ማግኔት የሚያውቅ፣ ክራዮጀኒክስ የሚያውቅ፣ ማይክሮዌቭ የሚያውቅ ሰው ለየብቻ አላቸው።

ያ ዓይነት ምንጭ ዓላማ ሲኖረው ምን እንደሚሆን በ2024 አይተናል። በርክሌይ ቲታኒየም 50ን በምድጃ እስከ 1,650 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አግለው በቬነስ ውስጥ ከ22 ኤሌክትሮኖቹ 12ቱን ገፈፉ። በባለ 88 ኢንቹ ሳይክሎትሮን በሴኮንድ 6 ትሪሊዮን ያህል አዮን ወደ ፕሉቶኒየም ዒላማ ወረወሩ። በ22 ቀን ሥራ ሁለት የሊቨርሞሪየም (ንጥረ ነገር 116) አቶም አገኙ፤ ሁለት! ቲታኒየም 50 ከተፈጥሮ ቲታኒየም 5 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ሩሲያ ያለው የዱብና ላብራቶሪ ከዚያ በፊት ከ114 እስከ 118 ያሉትን ንጥረ ነገሮች የሠራበት ካልሲየም 48 ደግሞ ከመቶ 0.19 ያህል ቢሆን ነው፤ ስለዚህ በሰዓት ከአንድ ሚሊግራም በታች እንዲፈጅ ይደረጋል፣ ክፍሉ ውስጥም የሞቀ ታንታለም ሽፋን ይገባል፤ ካልሲየሙ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር። እንዲህ ላለ ሥራ ከከፍተኛው ከረንት ይልቅ ለሳምንታት ሳይወዛወዝ የሚቆይ ጨረር ይበልጣል። በአንጻሩ የሴርን ትልቁ ሃድሮን ኮላይደር የሚያጋጨው እርሳስ ጉዞውን የሚጀምረው እንደ እናንተው 14.5 ጊጋኸርዝ ከሆነ ኢሲአር ምንጭ ነው። በአህጉራችንም ኬፕታውን አጠገብ ያለው አይቴምባ ላብስ ኬው 200 ለሆነው ሳይክሎትሮኑ ከባድ አዮን የሚያቀርበው ከ28 ጊጋኸርዝ ምንጭ አይደለም፤ አንደኛው ምንጩ በርሊን ከነበረው የሃን ማይትነር ኢንስቲትዩት የተረፈ ነው።

አሁን 5 ከመቶዋን እናስላት። ከምንጩ የሚወጣው ጨረር ያልተቋረጠ ነው። ሳይክሎትሮኑ ግን ከእያንዳንዱ የ360 ዲግሪ ዙር ውስጥ የሚቀበለው 40 ዲግሪ ያህሉን ብቻ ነው፤ ይህ 11 ከመቶ መሆኑ ነው። ከምንጩ እስከ ማስገቢያው ባለው መስመር 70 ከመቶው ቢያልፍ፣ ጠርዝ ላይ ደግሞ ዲፍሌክተሩ (ጨረሩን ወደ ውጭ የሚያጎብጠው) 60 ከመቶውን ቢያወጣ፦ 0.11 ሲባዛ በ0.7 ሲባዛ በ0.6፣ ይኸውና 4.6 ከመቶ። የእናንተ ቁጥር ይኸው ነው! ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «በንቸራችሁ ይሠራል ወይ?» የሚል ነው። በንቸሩ በዙሩ ላይ ተበትነው የሚመጡትን አዮኖች አፍጥኖና አዘግይቶ በዚያች 40 ዲግሪ ውስጥ ይሰበስባቸዋል፤ በደንብ ከተስተካከለ የሚያዘውን በሁለትና በሦስት እጥፍ ያሳድገዋል። ቮልቴጁ አለ ማለት ግን በቂ አይደለም። ፌዙ ከሳይክሎትሮኑ ሬድዮ ድግግሞሽ ጋር መገጠም አለበት፤ የአዮኑ ዓይነት ወይም የማውጫው ቮልቴጅ በተለወጠ ቁጥርም እንደገና ይፈለጋል። በንቸሩን አጥፍተሽ ለኪ፣ አብርተሽ ለኪ። ልዩነቱ ከአንድ ተኩል እጥፍ ካነሰ ሥራሽ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ቫኪዩሙ ነው። ብዙ ቻርጅ ያለው አዮን ከመንገድ ላይ ካገኘው የጋዝ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ ቻርጁ ይለወጣል፣ ከዚያ በኋላ ማግኔቱ አያውቀውም። በተለመደው ስሌት 10+ የሆነ አዮን በ10 ሜትር መስመር ላይ ግፊቱ ከሚሊዮን አንድ ቶር ከሆነ ሲሶ ያህሉ ይጠፋል፤ በአሥር እጥፍ ከተሻሻለ ጥቂት ከመቶ ብቻ። ከምንጩ ቀዳዳ የሚያመልጠው ጋዝ ራሱ ትልቁ ባለ ዕዳ ስለሆነ ጠንካራው ፓምፕ እዚያው አጠገቡ ይሁን። ሳይክሎትሮኑ ውስጥም እንዲሁ ነው። አዮኑ በአማካይ በ70 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ 300 ዙር ቢዞር 1.3 ኪሎ ሜትር ተጓዘ ማለት ነው፤ የሚጎዳውም ጉልበቱ ትንሽ በሆነበት በመሐሉ አካባቢ ነው። ሚስጥር የለውም፤ ፕሮቡን (ውስጥ ገብቶ ከረንት የሚለካውን ዘንግ) ከመሐል ወደ ጠርዝ እየጎተትሽ ከረንቱን ሳዪ። ዙር በዙር እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ ቫኪዩም ነው። አንድ ቦታ ላይ በአንዴ የሚሰበር ከሆነ የትሪም ኮይሎቹ (መስኩን በጥቂቱ የሚያርሙት) ከረንት ወይም የዙሩ መሐል መሳት ነው። እስከ ጠርዙ ጠፍጣፋ ሆኖ ዲፍሌክተሩ ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ዙሮቹ ተራርቀው አልደረሱም፤ ዲፍሌክተሩን በቮልቴጅ ከማስጨነቅሽ በፊት የመሐሉን ክፍል አስተካክዪ፣ አለዚያ የምታተርፊው ስፓርክ ነው።

ማግኔቱን በሚመለከት ሁለት ነገር ብቻ። ወደ አዲስ መስክ ስትሄዱ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ወደ ላይ አውጥታችሁ ከዚያ ወደሚፈለገው ውረዱ፤ ብረት ያለፈውን ስለሚያስታውስ ያው ከረንት ያው መስክ አይሰጥም። ከበራ በኋላም ብረቱ ሞቆ እስኪረጋ ሰዓታት ይፈልጋል። ጠዋት አብርቶ ወዲያው ሲያስተካክል የዋለ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያባርረው የብረቱን ሙቀት ነው።

ስትለኪም የየጣቢያውን ካፕ ኤሌክትሮን መመለሻ ቮልቴጅ መብራቱን አረጋግጪ፤ ከጠፋ ከካፑ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ቁጥሩን በሐሰት ያሳብጡታል። ምንጩ ላይ በኤሌክትሪክ ማይክሮአምፔር ተለክቶ ዒላማው ላይ በቅንጣት የሚለካ ከሆነም ማካፈል አትርሺ፦ 11 ማይክሮአምፔር አርጎን 11+ አንድ የቅንጣት ማይክሮአምፔር ነው። «5 ከመቶ» የተባለው ይህን ሳያካፍሉ የመጣ ከሆነ ሰዎቹ ከሚያስቡት በላይ ጥሩ ነበሩ ማለት ነው! አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፦ ምንጩ ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ መድረክ ላይ ነው። መቆለፊያው ቢያጠፋውም የመሬት ዘንጉን በእጅሽ ሳትሰቅዪ ምንም አትንኪ፤ ማይክሮዌቩ በበራበት ሰዓትም ኤክስሬይ መቁጠሪያ ሳትይዢ አጠገቡ አትቁሚ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው፦ ኦሲሎስኮፕ፣ የኮይል ካርታ፣ ኦክስጅን፣ በንቸር፣ ፓምፕ፣ ከዚያ ሁለተኛ ድግግሞሽ። የመጋዝ ጥርሱን ምስልና የፕሮቡን ኩርባ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ የሁለቱ ምስሎች መልስ ከእኔ ረጅም ጽሑፍ ይልቅ ይጠቅምሻል። ቡድኑ 28 ጊጋኸርዙን አልተውም ካለም ጥሩ ነው፤ ግን ማመልከቻው ውስጥ ለፈሳሽ ሂሊየሙ በየዓመቱ ማን እንደሚከፍልና ምንጩን ሙሉ ጊዜ የሚጠብቀው ሰው ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ መጀመሪያ ይጻፍበት።